ሊቀ ጎማና የእህታቸው ልጅ መኪና

በየዘመድ አዝማዱ መካከል፣ ሰው መኪና ሊገዛ መሆኑን ከገዢው ቀድሞ የሚሰማ አንድ ሰው አይጠፋም። ሻጩ ገና ቁልፉን ሳያነሳ እሱ ደርሶ፣ ኮፈኑን አስከፍቶ፣ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ራሱን ይነቀንቃል። መኪናው የሱ አይደለም። ገንዘቡም የሱ አይደለም። ጭንቀቱ ግን ሙሉ በሙሉ የሱ ነው።

በጥርስ ሐኪሟ ቤተሰብ ውስጥ ይህን ከባድ ኃላፊነት የተሸከሙት የእናቷ ታናሽ ወንድም ነበሩ። ሰፈሩ «ሊቀ ጎማ» የሚል ማዕረግ ከሰጣቸው ቆይቷል፤ ማን እንደሾማቸው አይታወቅም፣ ሊሽራቸው የደፈረም የለም። ጡረታ እስኪወጡ አርባ ዓመት የኖሩት አሳንሰር ሲጠግኑ ነው። ከምድር ቤት ወደ አሥራ ሁለተኛ ፎቅ፣ ከአሥራ ሁለተኛ ፎቅ ወደ ምድር ቤት፤ ኩርባ የሚባል ነገር በሙያቸው አጋጥሟቸው አያውቅም። የራሳቸው መኪና ዳገት ላይ ብስክሌት የሚቀድማት፣ የግራ በሯ ከውስጥ ብቻ የሚከፈት አሮጊት ናት። እሳቸው ግን የሚያወሩት ስለ ፈጣን መኪና ነው፤ በተለይም ስለ አንድ ጉዳይ። የሞተሩ ጉልበት ለኋላዎቹ ሁለት ጎማዎች ብቻ ይሰጥ ወይስ ለአራቱም ይከፋፈል?

በዚህ ጉዳይ ላይ አቋማቸው የጸና ነው፤ እርስዎ ከመረጡት ተቃራኒ።

የሰፈሩ ፋርማሲስት በአራቱም ጎማ የሚነዳውን ሊገዛ መሆኑን ሲነግራቸው ፊታቸው የሐዘን ቤት መሰለ። «ጥያቄው እሱ አይደለም» አሉት፤ ማንኛውንም ንግግር የሚጀምሩት እንዲህ ብለው ነው። «ጥያቄው መንዳት ነው የምትፈልገው ወይስ መጓጓዝ? አራቱም ከጎተቱህ አንተ ምን ልትሠራ ተቀመጥክ? ይከብዳል፣ ነዳጅ ይጠጣል፣ ኩርባ ላይ አፍንጫው አይታዘዝም። የፊቶቹ ይምሩ፣ የኋላዎቹ ይግፉ። ሥራ ሲከፋፈል ነው የሚያምረው።» ፋርማሲስቱ ሐሳቡን ቀየረ።

በሳምንቱ ፀጉር አስተካካዩ፣ «እኔም እንደ ፋርማሲስቱ ባለ ሁለቱን ልገዛ ነው» ቢላቸው፣ ፀጉራቸው ግማሹ እንደተቆረጠ ከወንበሩ ተነሡ። «ጥያቄው እሱ አይደለም። ያን ሁሉ የፈረስ ጉልበት በሁለት ጎማ ጭነህ እርጥብ መንገድ ልትወጣ? ሁለቱ ሲለፉ ሁለቱ ቁጭ ብለው ሊያዩ?» ፀጉር አስተካካዩም ሐሳቡን ቀየረ። ዛሬ ሁለቱ ሰዎች መንገድ ላይ ሲተላለፉ አንዱ የሌላውን መኪና በቅናት ያያል።

ትርፍ አንጀታቸውን ሊታከሙ የገቡ ጊዜ ደግሞ የማደንዘዣ ባለሙያው ሊያዝናናቸው ብሎ፣ «እስኪ ስለሚወዱት ነገር ያጫውቱኝ» አላቸው። ሳያውቅ ነው። «አራቱም ጎማ እኩል ይጎትታል የሚሉህ ሰዎች...» ብለው ጭልጥ አሉ። ከሁለት ሰዓት በኋላ ዓይናቸውን ገልጠው «...ዋሽተውሃል» አሉ። አጠገባቸው የነበረችው አንሶላ የምትቀይረው ሴትዮ ናት።

ጥርስ ሐኪሟ ይህን ሁሉ ታውቃለች። አርባ ሦስት ዓመቷ ነው። ቀኑን ሙሉ ሰው አፍ ላይ ጎንበስ ብላ በሚሊሜትር ስትሠራ ስለምትውል፣ ከክሊኒኳ ስትወጣ ሰፋና ፈጠን ያለ ነገር ያምራታል። ያማራትን ነገር መኪና መሸጫ ውስጥ አገኘችው፤ ጥቁር አረንጓዴ፣ ዝቅ ያለ፣ ቆሞም የሚሮጥ የሚመስል። ችግሩ ሁለት ሆኖ መቆሙ ነው፤ መልኩ አንድ፣ ሞተሩ አንድ፣ ልዩነቱ የሚነዱት ጎማዎች ቁጥር ብቻ። ሁለቱንም ነድታ ሞከረቻቸው። ባለ አራቱ ነዳጅ ስትሰጠው መንገዱን ነክሶ ሄደ፤ ነቅነቅም አላለ። ባለ ሁለቱ ግን ከኩርባ ስትወጣ ከወገቧ በታች ገፋ አደረጋት። አንድ የሚወዳት ሰው ጀርባዋን ይዞ «በይ እንጂ» ያላት መሰላት። ልቧ እዚያው ቀረ።

ሊቀ ጎማን ሳያማክሩ መግዛት ግን የማይታሰብ ነው። የአክስቷ ልጅ አንድ ጊዜ ደፍሮ ገዝቶ ነበር፤ ሁለት ዓመት ሙሉ «እርስዎ» እያሉ አናገሩት። የገዛ እህታቸውን ልጅ፣ ዳይፐር የቀየሩለትን። ስለዚህ ጥርስ ሐኪሟ ዘዴ ዘየደች። ተቃራኒውን ትነግራቸዋለች፤ እሳቸው ተከራክረው ወደ ባለ ሁለቱ ይመልሷታል፤ እሷም የተሸነፈች መስላ የምትወደውን ትገዛለች።

እሑድ ጠዋት ቤታቸው ሄደች። ሊቀ ጎማ የተበላሸ የግድግዳ ሰዓት ጠረጴዛ ላይ ፈታተው፣ ብሎኖቹን በሲኒ ማስቀመጫ ላይ ደርድረው ነበር።

«ጋሼ፣ መኪና ልገዛ ነው» አለች። «ወስኛለሁ። ባለ አራቱን።»

ከዚያ ጠበቀች። ሊቀ ጎማ መነጽራቸውን አውልቀው በሸሚዛቸው ጫፍ ጠረጉት።

«ልክ ነሽ» አሉ።

ጥርስ ሐኪሟ ይህን ቃል ከአፋቸው ሰምታ አታውቅም። «ልክ ነኝ?»

«ባለ አራቱን ግዢ። ጥሩ ነው።»

«ይከብዳል ይሉ የለ?»

«ይክበዳ።»

«ኩርባ ላይ አፍንጫው አይታዘዝም ይባላል።»

«ቀስ ብለሽ ከገባሽ ይታዘዛል።»

«ነዳጅስ?»

«ልጄ፣ ጋሼሽ ልክ ነሽ ካለሽ ሌላ ምን ቀረሽ?»

ዘዴዋ እንዳለ ተናደ። መዋሸት ደግሞ አልሆነላትም። «እውነቱን ልንገርዎት፤ የምወደው ባለ ሁለቱን ነው። ሁልጊዜ ተቃራኒውን ስለሚሉ ነው እንዲህ ያልኩት።»

ሊቀ ጎማ ብሎን መፍቻቸውን አስቀመጡ። «ሰው ሁሉ እንደዚህ ነው የሚያውቀኝ?»

«ሰው ሁሉ» አለች በትሕትና።

አንድ ብሎን በጣታቸው አሽከረከሩ። «ከፋርማሲስቱ ጋር የምከራከረው ክርክሩ ስለሚጣፍጠኝ ነው። መንዳት ያስተማርኩሽ ግን አንቺን ነው። ፍሪሲዮን በለቀቅሽ ቁጥር መኪናዬ እንደ እንቁራሪት ስትዘል አጠገብሽ የተቀመጥኩት እኔ ነኝ። አሁን ደመና ባየሁ ቁጥር የት መንገድ ላይ ትሆን እያልኩ ልኖር ነው? አራቱም ይያዙሽ። ስድስት ቢኖሩት ስድስቱም ይያዙሽ። የፋርማሲስቱን እናት እኔ አላውቃቸውም፤ አንቺ አንድ ነገር ብትሆኚ ግን እናትሽ የምትይዘው እኔን ነው።»

«በጣም ወድጄዋለሁ ጋሼ።»

«እንግዲህ የምትነጂው አንቺ ነሽ» አሉና ወደ ሰዓታቸው ተመለሱ።

ማክሰኞ ዕለት ባለ ሁለቱን ገዛች። ደውላ ነገረቻቸው። ከወዲያኛው ጫፍ የሊቀ ጎማ ድምፅ ረጋ ብሎ መጣ፤ «እንኳን ደስ ያለዎት።»

ስልኩን ዘግታ መጀመሪያ ሳቀች። አሥራ አንድ ቀን ያን የመሰለ መኪና ነዳች፤ ደስታው ግን ጨው የጎደለው ሆነባት። ኩርባውን አሳምራ ስትወጣ፣ «ጥያቄው እሱ አይደለም» የሚላት ሰው አጠገቧ የለም።

በአሥራ ሁለተኛው ቀን የክሊኒኩ ጥበቃ ጠጋ አላት። «ዶክተር፣ ትናንት አንድ ሽማግሌ መኪናዎ ሥር በሆዳቸው ተኝተው፣ ጎማው ላይ የተጻፈውን ወረቀት ላይ ሲገለብጡ ደረስኩባቸው። ማን ነዎት ብላቸው፣ ጥያቄው እሱ አይደለም አሉኝ።»

ዓርብ ጠዋት መጠበቂያ ክፍሉ ሞልቷል። አንድ ታካሚ ጉንጩ አብጦ በመሀረብ ይዞታል። በሩ ተከፈተና አንድ ጎማ ብቻውን እየተንከባለለ ገባ። ታካሚዎቹ እግራቸውን አነሡ። ጎማው ክፍሉን አቋርጦ እንግዳ ተቀባይዋ ጠረጴዛ ሥር ተሽከርክሮ ወደቀ። ሁለተኛው ተከተለ። ሦስተኛው። ከአራተኛው ጋር ሊቀ ጎማ ራሳቸው በላብ ተጠምቀው ገቡ።

«ቀጠሮ አለዎት?» አለች እንግዳ ተቀባይዋ።

«አራት» አሉ ጎማዎቹን እያሳዩ።

ጥርስ ሐኪሟ ጓንቷን ሳታወልቅ ወጣች። ሊቀ ጎማ ተንበርክከው አንዱን ጎማ ወደሷ አዞሩት። «ጥርስ የምታውቂው አንቺ ነሽ። ይሄን ጥርስ እይው፤ ጥልቅ ነው፣ ውሃውን ወደ ጎን ይገፋል። ከመኪናው ጋር የመጣልሽ ለደረቅ መንገድ ነው፣ ድዱ ብቻ የቀረ። ሁለት ይንዱት አራት፣ መንገዱን የሚይዘው ላስቲኩ ነው። ፍሬን ስትይዢ ደግሞ ሁሉም መኪና ባለ አራት ነው። ይሄን እኔ ለማንም ነግሬ አላውቅም።»

«ለምን ጋሼ?»

«ክርክሩ ያልቃላ።»

ጉንጩ ያበጠው ሰውዬ መሀረቡን እንደያዘ እያቃሰተ ሳቀ። ጥርስ ሐኪሟ ግን የሰማችው ሌላ ነገር ነው፤ «አንቺ» ብለዋታል።

እሑድ ጎማዎቹ ተቀይረው፣ ሁለቱ ወደ መንዳት መለማመጃ ሜዳ ሄዱ። አስፋልቱ ሰፊ ነው፤ በቱቦ ውሃ ያጠጡታል፣ ዙሪያውን ብርቱካንማ የፕላስቲክ ምልክቶች ተደርድረዋል። አሠልጣኟ በመስኮቱ ጎንበስ ብላ መኪናውን አየችና፣ «እኔ ብሆን ለዝናብ ባለ አራቱን ነበር የምመርጠው» አለች።

ሊቀ ጎማ የደህንነት ቀበቷቸውን ፈትተው ወረዱ። እርጥቡ ሜዳ ላይ ቆመው፣ ባርኔጣቸውን እያወዛወዙ፣ ስለ ባለ ሁለቱ ቅለት፣ ስለ መሪው ንጽሕና፣ ሥራን ስለ መከፋፈል ውበት አንድ በአንድ አስረዷት። ጥርስ ሐኪሟ መሪውን እንደያዘች ተመለከተቻቸው። ሱሪያቸው እስከ ጉልበት ረጥቧል። ዓለም ላይ እሷ የወደደችውን ነገር እንዲህ ጫማው እስኪበሰብስ የሚከላከልላት ሌላ ሰው እንደሌለ አሰበች፤ ራሱ ያላመነበትን ጭምር።

ተመልሰው ተቀመጡ። የመጀመሪያውን ዙር ጎማው እንደ ሙጫ ያዘ። በሁለተኛው አሠልጣኟ «ጨምሪ» ብላ በእጇ ምልክት ሰጠች፤ ጥርስ ሐኪሟ ነዳጁን ረገጠች። የመኪናው ጀርባ መጀመሪያ ሸተት አለ፣ ቀጥሎ ጠፋ። ሰማዩ፣ ቱቦው፣ አሠልጣኟ፣ ደግሞ ሰማዩ በመስታወቱ አለፉ። ሲቆሙ ፊታቸው ወደመጡበት ዞሯል፤ ከፊታቸው አንድ ምልክት ተጋድሟል።

ጥርስ ሐኪሟ ዞር ብላ ለማየት ፈራች። ሊቀ ጎማ ከበሩ በላይ ያለውን መያዣ በሁለት እጃቸው ጨብጠው፣ ዓይናቸውን ጨፍነዋል።

«ጋሼ?»

አንድ ዓይናቸውን ገለጡ። የተጋደመውን ምልክት አዩት። ከዚያ ሆዳቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ። እንባቸው እስኪወርድ፣ መነጽራቸው እስኪወልቅ ሳቁ፤ እሷም አልቻለችም፣ መሪው ላይ ተደፍታ ሳቀች። አሠልጣኟ ሮጣ ደርሳ «ደህና ናችሁ?» ብትል የሚመልስላት ጠፋ።

ትንፋሻቸው ሲመለስ ሊቀ ጎማ እንባቸውን በእጅጌያቸው ጠረጉና ቀበቷቸውን ጠበቅ አደረጉት።

«መሪውን ዘግይተሽ ነው የመለስሽው» አሉ። «ድገሚው።»