ጋሽ ገረመው ግድግዳ ሲያነቡ

አዲስ አበባ ውስጥ መሠረቱ ሲቆፈር፣ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ጉድጓዱ አፍ ላይ የሚቆም አንድ ሰው ያልመጣበት ቤት እስካሁን አልተሠራም። ማንም አልጠራውም። ዘመድ አይደለም፣ ኮንትራክተር አይደለም፣ ከወረዳም አልተላከም። ቁልቁል ያያል፣ ራሱን ይነቀንቃል፣ ከዚያ ባለቤቱን ፈልጎ «ይሄን አፈር አስመርምራችሁታል?» ይላል። ባለቤቱ ከዚያች ቀን ጀምሮ እንቅልፍ የለውም።

በእኛ ሰፈር፣ በጎሮ፣ ይህን ሥልጣን የያዙት ክቡር ጋሽ ገረመው ናቸው። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ የመሬት ጥናት ባለሙያዎችን በላንድክሩዘር ይዘው አገር ያዳረሱ ጡረተኛ ሾፌር ናቸው። ባለሙያዎቹ ድንጋይ ሲሰብሩ ሌላው ሾፌር ጥላ ፈልጎ ይተኛል፤ እሳቸው ግን አጠገባቸው ቆመው ሲያዳምጡ ኖሩ። ስለ ትምህርታቸው ደፍሮ የሚጠይቅ ሰው የሚያገኘው መልስ ሁልጊዜ አንድ ነው፤ «እኔ ዲግሪ የለኝም። ባለዲግሪዎቹን ግን ከጭቃ ያወጣሁ እኔ ነኝ።»

ጋሽ ገረመው አዲስ ቁፋሮ ካዩ ሰላምታ እንኳ አይቀድማቸውም። ጎንበስ ብለው አፈር ይዘግናሉ፣ እንትፍ ይሉበታል፣ በሁለት መዳፋቸው መሃል እያሹ እንደ ክር ያቀጥኑታል። ክሩ ሳይበጠስ ከረዘመ ፊታቸው ይጠቁራል። «ኮቲቻ ነው» ይላሉ፣ ለአስታማሚ እንደሚናገር ሐኪም ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። ኮቲቻ የሰፈራችን ጥቁር አፈር ነው። ክረምት ውሃ ሲጠጣ ያብጣል፣ በጋ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፣ ላዩ ላይ ያለውን ቤትም አብሮ ያነሣል ያወርዳል። መድኃኒቱንም ያለ ክፍያ ያዛሉ፤ «ኮቲቻው ተቆርጦ ይውጣ፤ ገረጋንቲ፣ ያ የማያብጠው ድንጋያማ አፈር፣ ይሞላ፤ አሸንዳው ውሃውን ከግድግዳ ያርቅ።» ይህን ሲሉ የሰማቸው ሁሉ ግን ምክራቸውን የሚቀበለው ቤቱን ሠርቶ ከጨረሰ በኋላ ነው።

አንድ የዕድራችን አባል ሲቀበሩ ሁላችንም አንገታችንን ደፍተን ቆመናል። ጋሽ ገረመውም ደፍተዋል፤ የሚያዩት ግን የጉድጓዱን ግድግዳ ነበር። ቀስ ብለው ወደ እናቴ ጆሮ ጠጋ አሉና፣ «ነፍስ ይማር። አፈሩ ግን ምርጥ ነው፤ እዚህ ላይ ጂ ፕላስ ፎር ይቆማል» አሉ። እናቴ ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ ትከሻዋ ተንቀጠቀጠ። ሰው ያለቀሰች መስሎት አጽናናት።

ወደ ቦሌ በሚኒባስ አብሮ መሄድማ ራሱን የቻለ ኮርስ ነው። መኪናው ሲዘል ተሳፋሪው ሾፌሩን ይሰድባል፤ ጋሽ ገረመው ጠበቃ ሆነው ይነሣሉ። «ልጁ ምን ያድርግ? ከሥር ኮቲቻው ተነፈሰ እኮ!» አንዲት ሴት «አባባ፣ አፈሩ ሲተነፍስ እርስዎም ትንሽ ይተንፍሱ እንጂ» ብላ ሚኒባሱን በሳቅ ገደለችው። እሳቸው ግን ወደ እኔ ዞረው፣ ከሾፌሩ አልፈው ስምጥ ሸለቆ ገብተው ነበር። «ሰብልዬ፣ ሸለቆው በየዓመቱ እየሰፋ ነው። ስንት ካልሽኝ፣ ጥፍርሽ በሁለት ወር የሚያድገውን ያህል።» ያን ቀን የምሠራበት ሆቴል መቀበያ ላይ ቆሜ እንግዳ ስመዘግብ ዓይኔ ከጣቴ አልነቀል ብሎ ዋለ።

ይህ ሁሉ ይቻላል። የማይቻለው እርሳሳቸው ነው።

ጋሽ ገረመው ለበዓልም ሆነ ለለቅሶ ቤትዎ ከገቡ ወንበር አይፈልጉም፤ የሚፈልጉት ስንጥቅ ነው። ሶፋውን በጉልበታቸው ገፋ አድርገው፣ ስንጥቁ የቆመበትን ጫፍ በእርሳስ ጭረው፣ አጠገቡ ቀን ይጽፋሉ። በዓመት ሁለቴ፣ በጥርና በነሐሴ። የጎሮ ሳሎን ሁሉ ስዕለ ማርያም፣ የምረቃ ፎቶና የጋሽ ገረመው ቀን አለው። የራሳቸው ቤት ብቻ ንጹሕ ነው። ባለቤታቸው እትዬ ሙሉአለም «የሰው ቤት እንደ ልብህ ጻፍ፤ የእኔን ግድግዳ የነካህ ቀን ግን ከላንድክሩዘርህ ጋር ትኖራለህ» ብለው ከጥንት ጀምሮ አግደዋቸዋል።

የቅርብ ጠበል ልጥ ይነከርበታል ይባላል። እኔም ነከርኩበት። አምና ለገና ሳሎናችንን አስቀባሁት። ቀለም ቀቢው ስንጥቁን በስቱኮ ደፈነ፣ የአራት ዓመት እርሳስ ከነቀኑ ከክሬም ቀለም ሥር ገባ፣ እኔም ደስ አለኝ። ጋሽ ገረመው ለበዓል ሲመጡ እንደ ልማዳቸው ሶፋውን ሊገፉ ጎንበስ አሉና ቀና አሉ። ግድግዳውን ትንሽ አዩት። «ቀለሙ ጥሩ ነው» ብለው በሕይወታቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ሳሎናችን ውስጥ ዝም ብለው ተቀመጡ።

በዚያው ሰሞን ነው ከአዋሽ ፈንታሌ በኩል የሚመጣው መንቀጥቀጥ የበረታው። አንድ ከሰዓት በኋላ የብፌው ብርጭቆ ተንጫጫ፣ መብራቱ ተወዛወዘ፣ ሰፈሩ በሙሉ በነጠላ ጫማ ውጭ ወጣ። ማንም አልተጎዳም። በሳምንቱ ግን አዲሱ ቀለም ከመስኮቱ ጥግ ጀምሮ እስከ ወለሉ ተቀደደ። የኤቲኤም ካርዴን ጠርዝ ሰደድኩበት፤ ገባ።

እናቴ ወይዘሮ ዘርፌ ከዚያ ቀን በኋላ ሳሎን መግባት ተወች። ግቢ ውስጥ ወንበር አውጥታ ከቤቱ ፊቷን አዙራ ትቀመጣለች። ይህን ቤት ከአባቴ ጋር አንድ አንድ ክፍል እያሉ በዐሥራ አንድ ዓመት ነው የሠሩት፤ አባቴ ኮርኒሱን ሳያይ አረፈ። ወንድሜ ደጀኔ ስልክ ደውሎ፣ «እሑድ አይሱዙ ይዤ እመጣለሁ፤ ቦሌ አራብሳ እኔ ጋ ትገባለች» አለ። የደጀኔ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ከመሬት መንቀጥቀጥ ሽሽት ወደ አራተኛ ፎቅ! ይህን ለእናቴ ብነግራት፣ «ከዚያ ብወድቅም ከልጄ ጋር ነው» አለችኝ። ከወጣች እንደማትመለስ አውቀዋለሁ። ቤቱ ይከራያል፣ እሷም ሰፈሯን፣ ዕድሯንና አባቴን ጥላ ባልኮኒ ላይ ታረጃለች። ፈራሁ።

ዐርብ ዕለት ጋሽ ገረመው ቤት ሄጄ ሁሉንም ተናገርኩ። ምልክቱን ሆን ብዬ እንዳስቀባሁትም ጭምር።

«አውቃለሁ» አሉ። «አንቺ ያጠፋሽው አንድ ግድግዳ ነው። ለእናትሽ ነጠላዋን ትልበስ በያት፤ ነገ ጠዋት ሰፈሩን እናነባለን።»

ቅዳሜ ጠዋት ሦስታችን ተነሣን። መጀመሪያ ባለሱቁ ኑሪ ቤት ገባን። ባለቤቱ ሰዓድ ምን እንደፈለግን ገና ሳንናገር ፍሪጁን ገፋችው። ከኋላው የጥርና የነሐሴ ቀኖች ተደርድረዋል። ጋሽ ገረመው መነጽራቸውን አደረጉ። «ይኸውልዎት ወይዘሮ ዘርፌ። ጥር ላይ እዚህ፣ ነሐሴ ላይ ተዘግቶ እዚህ። በዓመቱ ጥር ላይ ደግሞ ተመልሶ እዚህ። ዘንድሮም ከመንቀጥቀጡ በኋላ ያው እዚሁ ነው።»

«ቀለም ስንቀባ ዙሪያውን ነው የቀባነው» አለች ሰዓድ። «ያባቶች ጽሑፍ አይጠፋም ብዬ።»

ሁለተኛው ቤት ካላንደር አነሡልን፣ ሦስተኛው ቤት ቁምሣጥን። ያጠፋ ሰው የለም፤ ከእኔ በቀር። እናቴ በየቤቱ እየተጠጋች ጣቷን ምልክቱ ላይ ታሳርፍ ጀመር። መምህር ኃይለኪሮስ ቤት ስንደርስ ግን ጋሽ ገረመው ጎንበስ ብለው በስንዝራቸው ለኩ። ስንጥቁ የአምናውን ምልክት በአንድ ስንዝር አልፎታል። «መምህር፣ ይሄ አፈሩ ብቻ አይደለም። ከእኔ በላይ ነው» አሉ። «ዛሬውኑ ባለሙያ ይጥሩ። እስኪታይ ልጆቹ እዚህ ክፍል አይተኙ።» መምህሩ ደነገጠ፤ እናቴ ግን በዚያ ሳምንት ለመጀመሪያ ጊዜ እፎይ አለች። በኋላ ስጠይቃት፣ «ክፉውን ደብቀው ደጉን ብቻ የሚነግሩኝ መስሎኝ ነበር» አለችኝ።

እኛ በር ላይ ስንደርስ ጠየቀቻቸው። «የእኔስ ቤት፣ አቶ ገረመው?»

«የእርስዎን አላውቅም» አሉ። «ማስረጃዬ ከቀለሙ ሥር ነው።»

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስታዬ ነበር። እናቴ እኔን አላየችኝም። «እርስዎ ቢሆኑ ይቀመጡበታል?» አለቻቸው። ጋሽ ገረመው ደህና ዋሉ ብለው ሄዱ።

እሑድ ጠዋት ደጀኔ አይሱዙውን በር ላይ አቁሞ ሲገባ፣ ጋሽ ገረመው ሳሎናችን ውስጥ ወንበር ላይ ተቀምጠዋል፤ ጀርባቸውን ለስንጥቁ ሰጥተው።

«እስከ ነሐሴ ስጡኝ» አሉት። «የአፈሩ ከሆነ ዝናብ ሲጠጣ ይዘጋል። ካልተዘጋ ዕቃውን እኔው ራሴ እጭናለሁ። ወይዘሮ ዘርፌ በጓሮ በኩል ባለው ክፍል ይተኙ፤ እኔ ጠዋት ጠዋት እዚህ እየተቀመጥኩ አየዋለሁ።»

ደጀኔ ተቆጣ። «ጋሽ ገረመው፣ በእናቴ ሕይወት ሙከራ አይሠራም!»

«በእናትህ ማን ሠራ ልጄ? ከሥሩ የምቀመጠው እኔ አይደለሁም?»

እናቴ ተነሥታ ሳሎን ገባች፣ ከአንድ ሳምንት በኋላ፣ ለጋሽ ገረመው ሻይ ይዛ። አይሱዙው ባዶውን እንዳይመለስ አንድ ጆንያ ሽንኩርት ጫነችለት።

ጋሽ ገረመው ከጥር እስከ ነሐሴ ከእሑድ በቀር አንድ ጠዋት አልቀሩም። ስለ ባዛልት፣ ስለ አሸንዳችን አሠራር፣ በሰባ ስምንት ዓመተ ምሕረት ጭቃ ውስጥ ስለተቀበረ ጎማ አወሩን። በግንቦት ስንጥቁ ሲሰፋ ወንበራቸውን ወደ ግድግዳው ይበልጥ አስጠጉ። እኔ ወደ ሥራ ስወጣ እየሰጋሁ እወጣ ነበር፤ የምሰጋው ለእናቴ ብቻ አልነበረም።

ፍልሰታ ከተፈታ በኋላ ባለው ሐሙስ፣ ሲዘንብ አድሮ፣ ወደ ቦሌ ልወጣ የሳሎኑን በር ልከፍት ብል እምቢ አለ። በትከሻዬ ገፋሁት፣ በእግሬ መታሁት። ወለሉ ከሥር ተነሥቶበት መቃኑ ውስጥ ተቀርቅሯል። ከውጭ የጃንጥላ መዝጊያ ድምፅ መጣ።

«አቶ ገረመው!» አለች እናቴ። «በሩ አልከፈት አለ!»

የጋሽ ገረመው ኮቴ ወደ በሩ ተጠጋ። ከዚያ፣ «ከላይ ነው ከታች የያዘው?»

«ከታች!»

«ስንጥቁስ?»

ካርዴን ይዤ ሮጥኩ። ከላይ ሞከርኩ፣ ከመሃል ሞከርኩ፣ ከታች ሞከርኩ። የትም አልገባም። የተዘጋው ስንጥቅ ቀለሙ ላይ ቀጭን መስመር ብቻ ሆኗል። «ተዘግቷል!» ብዬ ስጮህ እናቴ እዚያው በተቀረቀረው በር ፊት እልልታዋን አቀለጠችው። ኑሪ ከሱቁ ወጥቶ «ማን ወለደ?» እያለ መጣ።

ጋሽ ገረመው «ብያችሁ ነበር» አላሉም። ታዛው ሥር ቆመው መነጽራቸውን ሲጠርጉ በመስኮት አየኋቸው፤ ዝናቡ ግን እዚያ አይደርስም ነበር። እናቴ ዕንቁላል በቅቤ ጠብሳ በመስኮቱ አቀበለቻቸው። እየበሉ በሩ ለምን ከታች ብቻ እንደያዘ፣ ውሃው ከየት ጀምሮ አፈሩን እንደሚያሳብጥ፣ ደጀኔ በሩን መቼ እንደሚያስላግ ማስረዳት ጀመሩ። ሥራ ሁለት ሰዓት ነበር የምገባው፤ ሁለት ሰዓት ተኩል ሆኗል። መስኮቱ ላይ ክንዴን አሳርፌ እስኪጨርሱ ሰማኋቸው። ሲጨርሱ፣ «እሺ ጋሽዬ፣ ከዚያስ?» አልኳቸው።