የወይዘሮ ደረጃ ቋሚ እንግዳ

በየሰፈሩ አርባን ካለፈ በኋላ ትምህርት የሚጀምር አንድ ሰው አይጠፋም። ደብተር ይዞ የሚወጣው እሱ ብቻ ቢሆንም ትምህርቱን የሚማረው ቤተሰቡ በሙሉ ነው። ሕግ የጀመረ እንደሆነ ቤቱ ችሎት ይሆናል። ነርስነት የጀመረ እንደሆነ ያልታመመ ሁሉ ይተኛል። የሆቴል ሥራ አመራር ዲፕሎማ የጀመረ እንደሆነ ግን የቤቱ አባወራ በገዛ ቤቱ እንግዳ ይሆናል። ይህን ከአናጺው በላይ የሚያውቅ የለም።

የአናጺው ሚስት አሥራ ዘጠኝ ዓመት በአንድ ሆቴል አልጋ ስታነጥፍ የኖረች ሴት ናት። በአርባ አምስት ዓመቷ አለቆቿ «ዲፕሎማ ካመጣሽ እንግዳ መቀበያው ላይ እናቆምሻለን» ቢሏት፣ ጊዜ ሳታጠፋ ከሥራ መልስ ተማሪ ሆነች። ሦስተኛው ሳምንት ላይ የሚነቃነቀውን ወንበር፣ የቀዘቀዘውን ሻይና የባሏን ካልሲ በአንድ ቃል ትዳኝ ጀመር፦ «ደረጃው አይፈቅድም።» አናጺውም በሆዱ ማዕረግ ሰጣት፤ ክብርት ወይዘሮ ደረጃ አላት።

ክብርት ወይዘሮ ደረጃ ሳታንኳኳ የምትከፍተው በር አልነበረም። ሦስት ጊዜ ታንኳኳለች፣ ትጠብቃለች፣ ከዚያ ማን እንደሆነች ትናገራለች። አንድ ጠዋት አናጺው መጸዳጃ ቤት ተቀምጦ ሳለ በሩ ተንኳኳ።

«የጽዳት አገልግሎት።»

«ሰው አለ።»

«ይቅርታ ያድርጉልኝ። ክፍሉን ስንት ሰዓት ይለቃሉ?»

ሃያ አራት ዓመት «አንተ» ስትለው የኖረች ሴት ድንገት «እርስዎ» ስትለው፣ አናጺው መከበሩን ሳይሆን መባረሩን ጠረጠረ። ፎጣውም ከዚያ ወዲህ ፎጣ መሆኑ ቀርቶ፣ ታጥፎ ታጥፎ ወፍ ሆኖ አልጋው ላይ ይቀመጣል። ወፏን ማፍረስ ስላሳዘነው ፊቱን በሸሚዙ ጠርጎ ወደ ሥራው ይሄዳል። አንሶላውን ከፍራሹ ሥር ወጥራ ስለምታስገባው ደግሞ፣ ለመተኛት ደብዳቤ ፖስታ ውስጥ እንደሚገባ ከላይ ወደ ታች መንሸራተት ነበረበት።

እህቱ ልትጠይቃቸው መጣች። ሻይ ተቀዳላት፤ ከሻዩ ቀጥሎ የአስተያየት መስጫ ወረቀት ቀረበላት። እህትየው የተጠየቀችውን የምታስቀር ሰው አይደለችም፤ «ሻዩ ቀዝቅዟል፣ ስኳሩም ሩቅ ነው» ብላ ጻፈች። ወይዘሮ ደረጃ አነበበችው። ጥርሷን ነክሳ «ስለ አስተያየትዎ እናመሰግናለን» አለች። ከዚያ ሁለቱ ሴቶች ለሁለት ሳምንት ተኳርፈው ሰነበቱ።

ያን ዕለት እህትየው ስትወጣ አናጺውን በር ላይ ያዘችው።

«ወንድሜ፣ የቤት ቀጋ የውጭ አልጋ ሲባል እሰማ ነበር። ያንተዋ ጭራሽ ቤቱንም ውጭ አደረገችው። መቼ ነው የሚያልቀው ይሄ ነገር?»

«ፈተናው ሲያልቅ» አላት።

ፈተናው ግን ቶሎ አላለቀም። በጽሑፉ ከክፍሏ አንደኛ ወጣች። በተግባሩ ቀን መምህሩ ሻንጣ ይዞ እንደ እንግዳ ገባ። እሷ ከባንኮኒው ኋላ ሆና፣ ቀና ብላ አይታው፣ «እንኳን ደህና መጡ» ማለት ነበረባት። እሷ ግን ኮሪደር ላይ እንግዳ ሲመጣባት ታደርግ የነበረውን አደረገች። ግድግዳው ላይ ተለጥፋ፣ ዓይኗን መሬት ላይ ጥላ፣ እስኪያልፍ ጠበቀች። እንግዳው ግን የሚያልፍበት ሌላ ቦታ አልነበረውም፤ የመጣው ወደ እሷ ነበር። ወደቀች። መድገም የሚፈቀደው አንዴ ብቻ ነው። ያንንም ካላለፈች ዓመቱን እንደ አዲስ ትጀምራለች፤ የመቀበያው ቦታም ለሌላ ሰው ይሰጣል።

ያን ቀን ቤት ገብታ የማንንም በር አላንኳኳችም። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። አናጺው የመጋዝ ብናኙን እንኳ ሳያራግፍ አጠገቧ ሲቀመጥ ስለ አንሶላው ምንም አላለችም። ይሄኔ ፈራ።

«ሰው ሲመጣ መደበቅ ነው የማውቀው» አለችው። «አሥራ ዘጠኝ ዓመት የተማርኩት እሱን ነው። አንሶላው እንዲታይ፣ እኔ እንዳልታይ።»

አናጺው ከአፉ ይልቅ እጁ የሚቀናው ሰው ነው። በማግሥቱ ከሥራ የተረፈ ጣውላ ተሸክሞ መጣና ከቤቱ መግቢያ ላይ ደረት የሚደርስ ባንኮኒ ሠራ። ለመግባት በአንድ ጎኑ ያለውን ክዳን ማንሳት ያስፈልጋል፤ የክዳኑ መቀርቀሪያ ያለው ደግሞ በእሷ በኩል ነው።

«ፈተናውን ስታልፊ እነቅለዋለሁ» አላት። «እስከዚያ ዓይኔን ሳታዪ እዚህ ቤት አልገባም።»

ከዚያ ወዲህ አመሻሽ ላይ የመሣሪያ ሣጥኑን እንደ ሻንጣ አንጠልጥሎ ይመጣል። አንድ ቀን ዕቃው የጠፋበት ነጋዴ ነው። አንድ ቀን ሰላምታ የማይመልስ ባለሥልጣን ነው። አንድ ቀን በሁሉም ነገር የሚነጫነጭ ሰውዬ ነው፤ ለዚህኛው ብዙም ልምምድ አላስፈለገውም። መጀመሪያ ላይ ዓይኗ ከጫማው አልነሳ አለ።

«አልጋ የፈለገው ጫማዬ አይደለም» ይላታል። ቀና ትላለች፤ ወዲያው ዓይኗን ወደ ጫማው ትመልሳለች።

«ሌላ ሆቴል እሄዳለሁ።»

«ማን ያስገባሃል?»

«እንግዳ አንተ ይባላል?»

«እሺ፣ ማን ያስገባዎታል?»

በሁለተኛው ሳምንት ዓይኗ የሸሚዙ ቁልፍ ጋ ደረሰ። በአራተኛው አገጩ ጋ ደረሰ። በሰባተኛው ሳምንት ዓይን ለዓይን ተገጣጠሙ፤ ያፈረው እሱ ነው።

የድጋሚው ፈተና ቀን አናጺው ሥራውን ትቶ ትምህርት ቤቱ በር ላይ ቆሞ ጠበቃት። ቀስ ብላ እየተራመደች ወጣች።

«እህሳ?»

«መምህሩ እየጮኸ ነው የገባው። ክፍሉ አልተጠረገም፣ ቁልፉ አይሠራም፣ አለቃሽን ጥሪ አለ። ቀና ብዬ አየሁት።»

«ከዚያስ?»

«አሳዘነኝ። አንተን ስቀበል የከረምኩ ሴት፣ እሱማ ምን አለው?»

ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም፤ አለፈች።

አሁን ክብርት ወይዘሮ ደረጃ ሆቴሉ መቀበያ ላይ ቆማ ታመሻለች። ሥራ በጀመረችበት ቀን አናጺው ሣጥኑን አንጠልጥሎ ቤቱ ደረሰ። ባንኮኒው አለ፤ ከኋላው ግን ሰው የለም። ለምዶበት ሦስት ጊዜ አንኳኳ። «እንኳን ደህና መጡ» የሚለው አልነበረም። ዓመቱን ሙሉ ሲያማርር የከረመ ሰው፣ በገዛ ቤቱ በር ላይ ቆሞ ሚስቱ ናፈቀችው። እጁን በላይ አሻግሮ መቀርቀሪያውን ራሱ ከፍቶ ገባ።

ቅዳሜ እህቱ መጣች። በክዳኑ በኩል ለማለፍ ሆዷን እየሰበሰበች ታጉረመርም ጀመር።

«ፈተናው አልቆ የለ እንዴ? ንቀለው እንጂ ይሄን ጣውላ፤ ሰው መግቢያ አጣ።»

አናጺው መዶሻውን አየ። ከዚያ የሚስቱ ክርን ያለሰለሰውን የባንኮኒውን ጠርዝ በመዳፉ ዳበስ አደረገው።

«ደረጃው አይፈቅድም» አላት።