ካቦ እንየው ወሬ ሲጠፋባቸው

ሰው ሰብስቦ የሚያሠራ ሁሉ በቀን ሦስት ጊዜ «ተናገሩ እንጂ!» ካላለ ምሳው አይወርድለትም። ተናገሩለት ደግሞ፤ ያን ጊዜ ምሳው ሽቅብ ይመለሳል። እንዲህ ያለ አለቃ አላጋጠመኝም የሚል ሰው ካለ፣ ወይ ሥራ ሠርቶ አያውቅም፣ ወይ አለቃው እሱ ራሱ ነው።

የኛው ክቡርነታቸው ካቦ እንየው ይባላሉ። በሠላሳ ዓመተ ምሕረት፣ የጣሊያን ካሚዮን በሐረጎ ቁልቁለት ደሴና ኮምቦልቻ መመላለስ በጀመረበት ሰሞን፣ ደሴ ሰኞ ገበያ ባለው የሐጂ ዘይኑልአቢዲን የቆዳ መጋዘን የሠራተኞች አለቃ ነበሩ። ድምፃቸው ከመጋዘኑ አልፎ ለቦሩ ሜዳም ይተርፋል። ከእጃቸው የወይራ ከዘራ፣ ከአፋቸው «አብሽሩ፣ ተናገሩ! እኔ ሰው እበላለሁ?» አይጠፋም።

ሰውስ አይበሉም። ግን ሙሄዲን አንድ ቀን አመናቸውና፣ «ጋሼ፣ ጨው አንሷል፤ ቆዳው ይሸታል» አላቸው።

«አብሽር፣ የኔ አንበሳ! ወንድ እንዲህ ነው!» ብለው ትከሻውን መታ መታ አደረጉት። ከዚያ በጣም የሚሸተውን ክምር እየለዩ ሦስት ቀን ሙሉ እሱን ብቻ አሸከሙት። ሽታ የሚያውቅ እሱ ነዋ!

ቆዳ መራጯ ገበያነሽ ደግሞ፣ «ጋሼ፣ ጩኸትዎ ራሴን አመመኝ» አለቻቸው። ክቡርነታቸው ተቀየሙና ሳምንት ሙሉ በሹክሹክታ አዘዙን። አንዲት ትእዛዝ ለመስማት ሃያ ሰው አንገቱን ወደ አፋቸው አስግጎ ዋለ።

ከዚያ ወዲህ መጋዘኑ ውስጥ አንድ ቃል ብቻ ቀረ። «ጣራው ደህና ነው?» ሲሉን «እሺ»። «ምሳ በላችሁ?» ሲሉንም «እሺ»።

እንዲህ ሳለን ነው አንድ ጭነት ኮምቦልቻ ደርሶ ሲፈታ ውስጡ በስብሶ የተገኘው። ሐጂ መጡ። ሐጂ አይጮሁም፤ ለዚህ ነው የሚያስፈሩት።

«እንየው፣ ሃያ ሰው እያየ የታሰረ ቆዳ ነው። አንድ እንኳ የሚነግርህ ካጣህ አለቃ ሳትሆን ግድግዳ ነህ። ወላሂ፣ የነገውም ጭነት እንዲህ ከሆነ በቦታህ ሌላ ሰው አስገባለሁ» አሏቸው።

የነገው ጭነት ታስሮ በር ላይ ተከምሯል። እርጥብ መሆኑን ሃያችንም እናውቃለን። «ዛሬውኑ እሰሩ!» ብለው ያሳሰሩት ካቦው ናቸዋ። እኛም እሺ ብለን አሰርን።

ካቦ እንየው ሲያወጡ ሲያወርዱ ቆይተው መላ አገኙ። መላቸው ምን ቢሆን ጥሩ ነው? አውጫጭኝ! በሬ ሲሰረቅ አገሩ ተሰብስቦ፣ ሌባው እስኪታወቅ ድረስ ማንም ወደ ቤቱ የማይሄድበትን ያን ሸንጎ ለኛ አመጡት። ከመጋዘኑ ጓሮ አጎሩንና በሩን ቆለፉ።

«ጋሼ፣ ምን ጠፍቶ ነው?» አለ ሙሄዲን።

«ወሬ ነው የጠፋው! የደበቀው ሰው ሳያወጣ ከዚህ ንቅንቅ የለም!»

በወጉ እየተነሳን፣ ማን በወላሂ፣ ማን በማርያም፣ «አላየሁም፣ አልሰማሁም» እያልን ማልን። እሳቸውም በየመሐላው መሬቱን በከዘራ ይወቁታል። አሱር እዚያው ተሰገደ።

የዘየደችው ገበያነሽ ናት። «ጋሼ፣ አውጫጭኝ ያለ ወፍ ይሆናል እንዴ?» አለች።

እውነቷን ነው። የሚያውቅ ሰው ለተመረጠው ሰው በጆሮው ይነግራል፤ የተመረጠውም «ወፍ ነገረችኝ» ብሎ ያወጣል። ወፏ ማን እንደሆነች አይጠየቅም። ካቦው ዙሪያውን ቃኙና ከዘራቸውን ወደ እኔ ቀሰሩ። «ጀላል! አፍህ ተዘግቶ አያውቅም፤ ዛሬ እንኳ ለቁም ነገር ይዋል!»

ሰዉ ተራ በተራ እየመጣ በጆሮዬ ተነፈሰ። በወሬ ነው ያደግኩት፤ እንደዚያ ቀን ግን ጠግቤ አላውቅም።

«ወፏ እንዳለችው» አልኩ ጉሮሮዬን ጠርጌ፣ «የነገው ጭነት እርጥብ ነው። ያሳሰሩትም እርስዎ ነዎት።»

«ማነው ያለው?!»

«ወፍ አትጠየቅም!» ብሎ ጓሮው በአንድ ድምፅ ጮኸ።

ፊታቸው በርበሬ መሰለ። ዋጥ አደረጉት። «ሌላስ?»

«‹ተናገሩ› ሲሉን ከዘራው ይነሳል ትላለች።»

ቀና ብለው አዩ። ከዘራው ከራሳቸው በላይ ተሰቅሏል። ማን እንደሰቀለው ግራ የገባቸው መሰሉና፣ ቀስ ብለው አውርደው ለገበያነሽ ሰጧት። «እስቲ ያዥልኝ፣ እቴ» አሉ።

ጭነቱን ፈታን፤ ቆዳውን ዘረጋን። እሳቸው በእግራቸው ሐጂ ቤት ሄደው፣ «ጭነቱ ነገ አይደርስም። ጥፋቱ የኔ ነው» አሉ።

«ማን ነገረህ?»

«ወፍ።»

ሐጂ እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። «አልሐምዱሊላህ! አፍ ተከፈተ ማለት ነው» አሉ። ካቦነታቸውም ጸና።

ተለወጡ ብዬ አልዋሽም፤ ዛሬም ይጮሃሉ። ብቻ የሚናገር ሰው ሲመጣ፣ መጀመሪያ ከዘራቸውን ያስይዙታል።

አንድ ነገር ግን በሆዴ ቀርቷል። ያን ቀን ሙሄዲን ስለ ጨው አንድ ቃል አልተነፈሰም። በጆሮዬ ያለኝ፣ «ባመመኝ ጊዜ በራሳቸው በቅሎ ቤቴ ያደረሱኝ እሳቸው ናቸው። ጀላል፣ ጭነቱ እርጥብ መሆኑን ንገራቸው፤ ሐጂ እንዳይሽሯቸው። እንደሳቸው አድርጎ የሚጮህብን ከየት ይመጣል?» ነበር። የሌሎቹም ከዚህ ብዙ አይርቅም። የኔን ከጨመራችሁበት ሃያ ይሞላል።

በማግስቱ ካቦው ለብቻዬ ጠሩኝ። ከዘራቸውን አስያዙኝና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ወፏ ሌላ ምንም አላለችም?» አሉኝ።

«ምንም» አልኳቸው።

ሃያችንም እንደምንሳሳላቸው ከሰሙማ ከዘራውን ከእጄ መንጠቃቸው አይደል?