አውድማው ላይ የቆመው መጋዘን

"ባለድርሻ አካላት" የሚሉትን ነገር ታውቁታላችሁ? ካላወቃችሁት በዚያ ዘመን አገር ውስጥ አልነበራችሁም ማለት ነው። ያኔ ባለድርሻ አካላት ሳይሰበሰቡ የሚያልፍ ሳምንት አልነበረም። እኔም የመካነ ሰላም አስተማሪ ነኝና አልቀርም፤ የቱ ላይ ድርሻ እንዳለኝ ግን እስከ ዛሬ የነገረኝ የለም። በስብሰባው ከሚታደለው ለስላሳ በቀር።

አንድ ጊዜ ታዲያ የቢራ ገብስ የሚገዛ ኩባንያ መጣ። ስሙን ተዉት። ክፉ ኩባንያ እንዳይመስላችሁ፤ የተመረጠ ዘር ያከፋፈለ፣ ምርቱን ከገበሬው ደጅ እረከባለሁ ያለ፣ "ሳናማክር የምናደርገው ነገር የለም" ብሎ የማለ ኩባንያ ነው። ከከተማው ወጣ ብላ ባለች ቀበሌ መጋዘን ሊሠራ አስቦ አዳራሽ ሰበሰበን። ሥራ አስኪያጁ ሰው አክባሪ ጎልማሳ ነው። "ከመንገዱ ዳር ያለው ባዶ ሜዳ ላይ ነው የምንሠራው፤ ቅሬታ ያለው አለ?" ሲል ጠየቀ።

በእኛ አገር እንግዳ ፊት ቅሬታ አይወጣም። እንግዳ ይመረቃል፤ ቅሬታ ካለ በማግስቱ ሽማግሌ ሄዶ ቀስ አድርጎ ይነግረዋል። የቀበሌዋ አዛውንት አያ ይመር ተነሡና እጃቸውን ዘርግተው ዱዓ አደረጉ፤ "አላህ ያክብራችሁ! እግዜር መንገዳችሁን ያቅናላችሁ! ቤታችሁ ይሙላ!" ክርስቲያኑም ሙስሊሙም "አሚን!" አለ። ኩባንያው አሚናችንን ስምምነት ብሎ ያዘው። በማግስቱ አያ ይመር ቅሬታቸውን ይዘው ሲመጡ እንግዶቹ ደሴን አልፈው ነበር።

ቅሬታቸው ምን እንደነበር የገባኝ በመኸር፣ ለቅሶ ልደርስ ወደዚያች ቀበሌ ስሄድ ነው። ዓይኔን ማመን አቃተኝ። መጋዘኑ የቆመው አውድማው ላይ ነው! አያት ቅድመ አያት በእበት እየለቀለቁ፣ በበሬ እያስረገጡ ያጠነከሩት፣ ነፋስ እንደልብ የሚያገኘው የቀበሌዋ ብቸኛ ደልዳላ መሬት ነበር። ከውቂያ ወራት ውጭ ማንም ስለማይደርስበት ባዶ መስሏቸው ሲሚንቶ ሞሉበት። ገብስ ሊረከቡ መጥተው ገብስ የሚወቃበትን ቦታ ቀበሩት! ክው ብዬ ቀረሁ። እናንተስ ብትሆኑ?

ሌላው መሬት ተዳፋትና ድንጋይ ነው። ጎረምሳ ያለው ቤተሰብ ተፍ ተፍ ብሎ እንደ ነገሩ ትንሽ አውድማ ጠረገ። እትዬ ደብሬ ግን ባላቸው የሞቱባቸው፣ ሁለቱም ልጆቻቸው ዓረብ አገር የሄዱባቸው ብቸኛ ሴት ናቸው። ያለቻቸውን መሬት በሙሉ የኩባንያውን ዘር ዘርተውባታል፤ የዓመት ጉርሳቸው እሱ ብቻ ነው። ነዶውን መጋዘኑ ግድግዳ ሥር ከምረው ከጎረቤት አውድማ ተራ ሲጠብቁ ያላሰቡት ዝናብ ወረደ። ዝናቡ ሰነበተ። ገብሱም እንደተከመረ በቀለ።

ሥራ አስኪያጁ ርክክቡን ሊያይ በመጣ ቀን እትዬ ደብሬ አንድ እቅፍ ነዶ ይዘው ቀረቡ።

"ለብቅል አይደል የምትፈልጉት? ይኸው፣ እኔው አብቅዬ አመጣሁላችሁ" አሉት።

የሳቀ ሰው አልነበረም። ሰውየው ከዛላው የወጣውን አረንጓዴ ጭራ አየና ፊቱ ዐመድ መሰለ። የበቀለ ገብስ እንደማይረከብ እሱም ያውቃል፣ እሳቸውም ያውቃሉ።

"እናቴ" አለ፣ "ያኔ ሰዉን ሁሉ ስንጠይቅ ምነው ዝም አሉ?"

"መቼ ጠየቃችሁኝ?"

"ኧረ ቦታውን ከመለካታችን በፊት አዳራሽ ውስጥ ሁሉንም..."

"አዳራሹን አላውቅም። ስትለኩ ግን ነበርኩ" አሉት። "'እናቴ፣ ይችን የሜትር ጫፍ ያዙልን' አላችሁኝ። ለምን እንደሆነ የነገረኝ የለም። ለክታችሁ እስክትጨርሱ ቆሜ ያዝኩላችሁ።"