ሊቀ ቀለማት ዊልፍሬድና አርባ ሁለቱ ድንኮች

እግዜር ሰውን ፈጥሮ ሲጨርስ ለያንዳንዱ ሰፈር፣ ለያንዳንዱ መሥሪያ ቤትና ለያንዳንዱ ሠርግ አንድ አንድ አራሚ መድቧል። ይኸ ሰው ደመወዝ የለውም፣ የሾመውም የለም፣ ግን ከሥራው አንድ ቀን ቀርቶ አያውቅም። አጥርህን ቀብተህ ስትጨርስ ከየት እንደመጣ ሳታውቀው ከጀርባህ ቆሞ ታገኘዋለህ። ዘመድህን ስትቀብር የአበባው ጉንጉን ወደ ግራ ማዘንበሉን በሹክሹክታ ይነግርሃል። የሚያናድደው ደግሞ ዘወር ብለህ ስታየው በእርግጥም ማዘንበሉ ነው።

ለእኛ ለኖቲንግሃም የረቡዕ ማኅበርተኞች የደረሱን አራሚ ዊልፍሬድ ቶፕሊስ ይባላሉ። «ሊቀ ቀለማት» የሚለውን ማዕረግ የሰጠኋቸው እኔ ነኝ፤ ፊት ለፊት ግን ብዬው አላውቅም። አርባ ዓመት በዳንቴል ፋብሪካ የሠሩ፣ ቀጥ ያሉ ሽማግሌ ናቸው። ሁልጊዜ ከረባት ያስራሉ። ሰውን ሁሉ፣ ቄሱንም ጭምር፣ እንደ አገራችን ወግ «ዳክዬዬ» እያሉ ነው የሚጠሩት፤ ከሳቸው አፍ ሲወጣ ግን «ተከሳሽ ቁም» የተባልክ ይመስልሃል።

ሥራችን ምን መሰላችሁ? ከአውራ ጣት የማይበልጡ ድንኮች፣ አጽሞች፣ ጠንቋዮችና ዘንዶዎች ብልታቸው ተለያይቶ በሣጥን ይመጡልናል። ክንዱን ከትከሻ፣ ራሱን ከአንገት በሙጫ እናጣብቃለን። በቀጭን ብሩሽ እንቀባቸዋለን። በመጨረሻም እያንዳንዱን ሳንቲም በምታህል መቆሚያ ላይ አሸዋና ሣር አልብሰን እናቆመዋለን። ከዚያ በምንሰበሰብበት የቤተ ክርስቲያን አዳራሽ ጠረጴዛ ላይ ጦር እናማዝዛቸዋለን። አዎ፣ ትልልቅ ሰዎች ነን። እኔ ራሴ ፖስታ አዳይ ነኝ፣ ባለትዳር ነኝ፣ ጉልበቴንም ያመኛል።

የዛሬ ዘጠኝ ዓመት የመጀመሪያ ድንኬን ይዤ የሄድኩበትን ቀን እስከ ዛሬ አልረሳውም። ሦስት ሳምንት የለፋሁበት ነው። ሊቀ ቀለማት እጃቸውን ወደኋላ አጣምረው፣ ጠቅላይ ግዛት እንደሚጎበኝ ሹም ጎንበስ አሉና ትንፋሻቸው ጢሙ ላይ እስኪያርፍ ድረስ አዩት።

«ከሩቅ ሲያዩት ያምራል» አሉ።

እኔ ሞኙ ደስ አለኝ። ለመሆኑ ከስንት ሜትር ብዬ ጠየቅኳቸው።

«ከደርቢ» አሉኝ።

ደርቢ እኮ በባቡር ግማሽ ሰዓት የሚያስኬድ፣ በኳስም በሌላም የማንስማማው ጎረቤት ከተማ ነው! ያን ቀን ድንኬን ኪሴ ከትቼ ቤቴ ገባሁ፤ ሁለተኛ አልመለስም ብዬ ማልኩ። በሚቀጥለው ረቡዕ ከሁሉ ቀድሜ የደረስኩት እኔ ነበርኩ።

ሁለተኛው አባባላቸው «ቀለሟን ውሃ አቅምሰሃታል?» የሚል ነው። ወፍራም ቀለም የፊት መስመሩን ሁሉ ደፍኖ ድንክን ድንች ያደርገዋልና፣ ምክሩ እንኳ ትክክል ነው። ግን በቀን ሃያ ጊዜ ይሉታል። አንድ ጊዜ ወሬ ይዞኝ ብሩሽ የማጥብበትን ኩባያ ሻይ መስሎኝ ግጥም አድርጌ ጠጣሁት። በዚህ ሙያ ያለ ሰው ሁሉ ሳይጠጣው አይቀርም። ማኅበርተኛው ደንግጦ ዙሪያዬን ሲከበኝ፣ እሳቸው ወደ ኩባያው ጎንበስ ብለው አዩና «ቢያንስ ይኼኛው ቀጥኗል» አሉ።

ሻያችንን የምታፈላው፣ የአጽሞች ጦር ባለቤት የሆነችው ግሌኒስ ሠላሳ ዓመት በቀብር አስፈጻሚ ቤት ሠርታ ጡረታ የወጣች ሴት ናት። ሊቀ ቀለማት እሷንም አልማሩም፤ አጽሞችሽ በጣም ነጥተዋል፣ የሞተ ሰው አጥንት ምን እንደሚመስል ዐይተሽም አታውቂም አሏት። ግሌኒስ የሻይ ማንቆርቆሪያዋን ቀስ ብላ አስቀመጠችና «ስንት ላሳይህ?» አለቻቸው። ሌላ ሰው ቢሆን አፍሮ ዝም ይላል። እሳቸው ወንበር ስበው ተቀመጡና የአጥንት ቀለም ከዓመት ዓመት እንዴት እንደሚለወጥ ሲጠይቋት አመሹ። በወሩ የግሌኒስ አጽሞች ቢጫ ቡኒ ሆነው መጡ፤ እውነት ለመናገር፣ ሲያዩዋቸው ነፍስ ይጨነቃል። የልጇ ሠርግ ላይ ደግሞ በኬኩ አናት የቆመችው ትንሽ ሙሽራ በአንድ ዓይኗ ሙሽራውን፣ በሌላው አስተናጋጁን እንደምታይ ሊቀ ቀለማት እውነተኛውን ሙሽራ ጠርተው አሳይተውታል።

አንድ ነገር ግን ሁላችንንም ያብከነክነን ነበር። ሊቀ ቀለማት የራሳቸውን ሥራ አንድ ቀን አምጥተው አሳይተውን አያውቁም። ብሩሽ ሲይዙ ያየ የለም። የሚያርሙትም በአፋቸው ብቻ ነው፤ እጃቸው ከወገባቸው በስተኋላ እንደተቆላለፈ ይመጣል፣ እንደተቆላለፈ ይሄዳል። ሻይ እንኳ ግሌኒስ ግማሽ ኩባያ ብቻ ትቀዳላቸዋለች፤ እኔ ሻዩንም ገና እያረሙት ነው እያልኩ እስቅ ነበር። አንዳንዱ ድሮም ሙያ የላቸውም ይላል። እኔም ሳልል አልቀረሁም፤ ዛሬ ሳስበው ያሳፍረኛል።

ወደ ነገሬ ልምጣ። በየዓመቱ በግንቦት አንድ ቅዳሜ የአራት ከተሞች ማኅበራት አዳራሻችን ለውድድር ይሰበሰባሉ። እያንዳንዱ ማኅበር አንድ ጠረጴዛ ያዘጋጃል፤ በዚያም ጠረጴዛ ላይ የአንድ አባል ጦር ይሰለፋል። ዘንድሮ በማኅበሩ በዘጠነኛ ዓመቴ ዕጣው ለእኔ ደረሰ። ክረምቱን ሙሉ አርባ ሁለት ቀይ ጢም ያላቸው ድንኮች ቀባሁ። አይታችሁ ጢማቸውን ብቻ ብትቆጥሩልኝ! ያልተቀባ ወይም የተበላሸ ጦር ጠረጴዛ ላይ አይወጣም፤ ሕግ ነው። የእኔ ካልወጣ የማኅበሩ ቦታ ባዶውን ይውላል።

የቀረኝ የመጨረሻው ሥራ ከጣሳ የሚነፋው ቀለም ጠባቂ ቫርኒሽ ነበር። ሕዝብ የሚነካካው ጦር ያለ ቫርኒሽ አይወጣም፣ ቀለሙ ይላጣል። ሊቀ ቀለማት በዚህ ጉዳይ የሚሏትን ነገር ዘጠኝ ዓመት ሰምቻታለሁ። ገመድ ላይ የተሰጣ ልብስ በማይደርቅበት ቀን ቫርኒሽ አትንፋ ይላሉ። በዚያ ሳምንት ሦስት ቀን ሙሉ ዘንቧል። ዓርብ ከሰዓት ሆኗል፤ ከነገው ውድድር በፊት ግን ሌላ ቀን የለኝም። ምን ይሆናል ብዬ ጓሮ ካለችው የዕቃ ቤቴ ገባሁ፣ ድንኮቼን ደረደርኩ፣ ነፋሁባቸው፣ ሻይ ላፈላ ወጣሁ። ምከረው ምከረው፣ እምቢ ካለ መከራ ይምከረው ማለት ለእኔ ነው።

ስመለስ አርባ ሁለቱም ዱቄት የተደፋባቸው መስለው ቆመዋል። ቀይ ጢም የለ፣ ወርቅማ ጋሻ የለ፣ ዓይን የለ። እርጥበቱ ቫርኒሹን አንጥቶታል። ባልዲ ገልብጬ ተቀመጥኩና የስድስት ወር ልፋቴን አየሁት። አልዋሻችሁም፣ ዓይኔ እንባ አቅርሯል።

ለግሌኒስ ደወልኩላት። እሷም አንድ የሚያውቅ ሰው እንዳለና እሱም ማን እንደሆነ እኔም እንደማውቀው ነገረችኝ። ከዚያ በፊት ለሊቀ ቀለማት ስልክ ደውዬ አላውቅም። ሲያነሱ ትዕዛዝ የጣሰ ወታደር ሆንኩ።

«ነጡብኝ» አልኳቸው።

«ስንት ናቸው?»

«አርባ ሁለት።»

«ቤትህ የወይራ ዘይት አለ?»

«ለሰላጣ የምናደርገው አለ።»

«አትጨርሰው። መጣሁ» አሉና ዘጉ።

በዚያ ዝናብ በሁለት አውቶቡስ መጡ። ኮታቸው እየተንጠባጠበ ገብተው፣ እጃቸውን ወደኋላ አድርገው፣ ድንኮቼን ከዳር እስከ ዳር ጎበኙ። ስድቤን ለመቀበል ራሴን አዘጋጀሁ። አንድም ነገር አላሉኝም። ስለ ዝናቡ አላነሱም፣ ስለ ገመዱ ልብስ አላነሱም። ይኼ ከስድብ ይልቅ አስፈራኝ፤ ነገሩ የማይድን መሰለኝ።

ከዚያ ብሩሼን ዘይቱን በትንሹ አስነክቼ አንዱን ድንክ እንድቀባው ነገሩኝ። ቀባሁት። ቀዩ ጢም ዓይኔ እያየ ተመለሰ። ከዚያ ጋሻው፣ ከዚያ አፍንጫው፣ ከዚያ ያቺ ሳትታየኝ የቀባኋት የቀበቶው ዘለበት። እንደ ሕፃን ዘለልኩ።

ግን ሰዓቱ ዘጠኝ ሆኗል፤ አዳራሹ ውስጥ ጠረጴዛ የምንደረድረው ደግሞ ዛሬውኑ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ነው። አርባ አንድ ይቀራል። ሌላ ብሩሽ አነሳሁና ዘረጋሁላቸው። አልተቀበሉኝም። ብሩሹን አዩት፣ እኔን አዩኝ፣ ከዚያ እጃቸውን ከኋላቸው አወጡ። ሁለቱም እጆች ይንቀጠቀጡ ነበር። ትንሽ መንቀጥቀጥ አይደለም፤ ነፋስ እንደያዘው ቅጠል ነው።

«አሥራ አንድ ዓመት ሆነው» አሉኝ፣ ስለ ሌላ ሰው ዕቃ የሚያወሩ ይመስል። «በዚህ እጅ ዓይን አይሳልም፣ ዳክዬዬ።»

ያ የሹም አቋቋም፣ ያ ግማሽ ኩባያ ሻይ፣ ግሌኒስ ሁሉን እያወቀች ዝም ማለቷ፣ ሁሉም ባንድ ጊዜ መጣብኝ። የሆነ ነገር ማለት ነበረብኝና አፌ እንዳመጣልኝ ተናገርኩ።

«ዓይን ይሳሉ ማን አለዎት? ዘይት ነው። እንደ ሰላጣ ይቀቡት።»

ሳቁ! በዘጠኝ ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ ጥርሳቸውን አየሁ። ኮታቸውን አወለቁ፣ እጅጌያቸውን ሰበሰቡ፣ ብሩሹን ያዙ። ይገርማችኋል፣ ያ የሚንቀጠቀጥ እጅ ዘይቱን በየጢሙ ስንጥቅ ውስጥ ከእኔ እጅ በተሻለ አዳረሰው። ከሦስተኛው ድንክ በኋላ ማንጎራጎር ጀመሩ። ከአሥረኛው በኋላ በወጣትነታቸው የቀቡትን አንድ ዘንዶ ታሪክ ያወሩልኝ ጀመር፤ ክንፉ ላይ ያሉትን የደም ሥሮች አንድ በአንድ፣ ከነቀለማቸው። አሥራ አንድ ሰዓት ሲሆን ጨረስን። እሳቸው ሃያ ሦስት ቀቡ፣ እኔ አሥራ ዘጠኝ። እኔ አልቆጠርኩም፤ እሳቸው ናቸው የነገሩኝ። አውቶቡስ ውስጥም ነገሩኝ። አዳራሽ ስንደርስ ደግሞ ለግሌኒስ ነገሯት።

ቅዳሜ ድንኮቼ ጠረጴዛው ላይ ቀይ ጢማቸውን ነስንሰው ዋሉ። ከአራት ሦስተኛ ወጣን። አንዲት ጎብኚ ከጠረጴዛችን አጠገብ የሰላጣ ሽታ ሸተተኝ ብላ ዙሪያዋን ስትፈልግ፣ ሊቀ ቀለማት ኮስተር ብለው የቤተ ክርስቲያኑን ወጥ ቤት ጠቆሟት።

በቀጣዩ ረቡዕ አዲስ ሣጥን ይዤ መጣሁ። ተገጣጥመውና ተቀብተው የተዘጋጁ ሠላሳ ፈረሰኞች፣ ከነባዶ መቆሚያቸው። ሊቀ ቀለማት ፊት አስቀመጥኩና መቆሚያ መሥራት እንደማልችልበት፣ ሙጫውና አሸዋው እንደሚያስቸግረኝ፣ ሣሩም እምቢ እንደሚለኝ ነገርኳቸው። ሙጫ መቀባት፣ አሸዋ መነስነስ፣ ሣር መትከል የረጋ እጅ አይጠይቅም።

በመካከላችን ይቅርና ዋሽቻለሁ። ከዚህ ሙያ ሁሉ እንደ መቆሚያ የምወደው ነገር የለኝም። ፖስታ ሳድል ከየግድግዳው ሥር ሣር የመሰለ የድንጋይ ሽበት እየለቀምኩ አደርቃለሁ፤ ሚስቴ እንኳ እንድትነካብኝ አልፈቅድም። ሊቀ ቀለማት ፊቴን፣ ጋሻዬን፣ ፈረሴን፣ ሁሉንም ተችተውብኛል። ስለ መቆሚያዬ ግን አንድ ቀን ክፉ ቃል ተናግረው አያውቁም። በዚያ ዝምታቸው ዘጠኝ ዓመት ስኮራ ኖሬያለሁ።

ሣጥኑን ወደ ደረታቸው ሳብ አደረጉና አንዱን ባዶ መቆሚያ በሁለቱም እጃቸው፣ ሰው ሁሉ እያየ፣ አነሱት።

«እንደማይሆንልህስ አውቅ ነበር» አሉኝ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ሣርህን ማለቴ ነው። እንዳይከፋህ ብዬ ነው እስከ ዛሬ ዝም ያልኩት።»

ምን ላድርግ፤ ሙጫውን ከፍቼ አጠገባቸው አስቀመጥኩላቸው።