ለባሕር አንበሳ ጉርሻ

አጠገባቸው ያለ ሁሉ ካልጎረሰ እህል የማይወርድላቸው ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? እኔን የገጠሙኝ ጋሼ ታደሰ ናቸው፤ እዚህ ውጭ አገር፣ ሐበሻ በሚበዛበት ፌርፋክስ ጎዳና ላይ ፓርኪንግ ይሠራሉ።

ባለፈው እሑድ ቢች ወስጃቸው ምሳ ስንበላ፣ አሸዋው ላይ የተጋደመ የባሕር አንበሳ ግልገል አዩ። ወዲያው ጥብሱን በእንጀራ ጠቅልለው "በሞቴ" እያሉ ተጠጉት። ግልገሉ ጥርሱን አሳያቸው። ያጎረሰ እጅ ተነከሰ ሲባል እሰማ ነበር፤ ገና ሳያጎርስ ሊነከስ ሲል ግን ያን ቀን አየሁ።

የቢቹ ጠባቂ እየሮጠች መጣች። "እያረፈ ነው፣ ራቁለት። ሰው ካበላው አደን ይረሳል" አለችን።

ጋሼ ጉርሻውን እኔን አጎረሱኝና ርቀው ቆሙ። ቆይቶ አንድ ሰውዬ ቺፕስ ይዞ ወደ ግልገሉ ሲሄድ መንገዱን ዘጉበት።

"ኖ ፉድ፣ ኦኬ?" አሉት። "በሞቴ።"