ለኳስ ተጫዋች ልጅ ይዳራል ወይ?

ይኼን ወሬ ያቀበለችኝ እትዬ ጥሩወርቅ ናት፤ የመሪጌታ ኅሩይ ታናሽ እህት፣ አጥር ለአጥር የምንነጋገር ጎረቤቴ የነበረች። ግማሹን እኔም በዓይኔ አይቼዋለሁ። እኔ ወሬ አልወድም፤ ወሬው ነው እኔን የሚወደኝ።

እንግዲህ ጎንደር ላይ ፈንታ የሚባል ልጅ ነበር። ጣልያን ከወጣ፣ ጃንሆይ ከተመለሱ ወዲህ ያደገ ነው። እግር ኳስ ይጫወታል። ኳስማ ማን የማይጫወት አለ ትሉኝ ይሆናል። ፈንታ ግን ተከፍሎት ነው የሚጫወት። ጦርነቱ ሲያልቅ እዚሁ የቀረ አንድ ባለጋራዥ ጣልያን የኳስ ቡድን ነበረው፤ ፈንታን መካኒክ ብሎ ቀጠረው። መካኒክ ይበለው እንጂ ልጁ ማኪና ሥር ገብቶ አያውቅም፤ ቱታው እንደተገዛ ነው። ሥራው እሑድ እሑድ ጎል ማግባት፣ በሌላው ቀን ለእሑድ መዘጋጀት ነው። ያኔ ለእኛ ይኼ አዲስ ነገር ነው። ሰው ተጫውቶ ደመወዝ ይበላል?

እሱ ግን በላበት፤ እናቱንም አበላበት። ሸጋ ልጅ ነበር። አይጠጣ፣ ሰው አይሳደብ፤ ጎል ሲያገባ እንኳ እንደበደለ ሰው አንገቱን ደፍቶ ነው የሚመለስ። ይኼ ልጅ የሺን ወደደ። የሺ የመሪጌታ ኅሩይ ልጅ ናት። እሷም ወዳዋለች፤ ውሃ ልትቀዳ ስትወርድ አቋራጩን ትታ በኳስ ሜዳው የምትዞረው ለጤናዋ አልነበረም።

ችግሩ አባትየው ናቸው። መሪጌታ የአቋቋም መምህር ናቸው፤ ነጭ ለብሶ፣ መቋሚያ ይዞ፣ ሌሊቱን ሙሉ ቆሞ ማኅሌት ማድረስን ያስተምራሉ። ሰውንም የሚመዝኑት በዚያው ነው። አዲስ ተማሪ ሲመጣ «ድምፅህን አሰማኝ» አይሉትም፤ «እስቲ ቁም» ይሉታል። ይቆማል። እሳቸው ወደ ሌላ ጉዳያቸው ይሄዳሉ። ሲመለሱ ተቀምጦ ካገኙት «ልጄ፣ አንተ ለንግድ ትሆናለህ» ብለው ስንቅ ጨምረው ይሸኙታል።

ፈንታ ሽማግሌ ላከ። አያ በላይ የሰፈሩ ንግግር አዋቂ ናቸው፤ ሁለት ሰው አስከትለው ገቡ። እትዬ ጥሩወርቅ ጓዳ ሆና ታዳምጣለች።

«ልጁ ሥራው ምንድን ነው?» አሉ መሪጌታ።

«ጋራዥ ነው።»

«ጋራዥ ምን ይሠራል?»

አያ በላይ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ኳስ ይጫወታል።»

«መቼም ከጨዋታው በኋላ ሥራ ይኖረዋል።»

«ከጨዋታው በኋላማ ይደክመዋል። ያርፋል።»

መሪጌታ እንግዶቻቸውን በእርጋታ አዩአቸው። «አያ በላይ፣ በእኛ አገር ተጫውቶ የሚከፈለው አዝማሪ ነው። አዝማሪውም ቢሆን ጭኑን ሸፍኖ ነው የሚጫወት። ልጄን አልሰጥም» አሉ።

ሽማግሌ በአንድ እምቢታ አይቀርም፤ ደግመው ሄዱ፤ ደግመው ተመለሱ። ይባስ ብሎ መሪጌታ የሺን መካነ ብርሃን የሚባል ሩቅ አገር ላለ የቄስ ልጅ ሊሰጧት ማሰላሰል ጀመሩ። የሺ እህል አስጠላት። ፈንታ ጎል መሳት አመጣ። ጣልያኑ ደግሞ ለጎል እንጂ ለፍቅር አይከፍል።

አሁን ወደ ህንዶቹ ልምጣ። ትምህርት ቤት የሚያስተምሩ ህንዶች ነበሩ፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ክሪኬት የሚሉት ጨዋታ አላቸው። አንድ ቀን ሰው ጎደላቸውና ሜዳው ዳር ተክዞ የተቀመጠውን ፈንታን ጠሩት። ጠፍጣፋ እንጨት አስያዙት። እሱ ደግሞ የገና ጨዋታ ሲጫወት ያደገ ልጅ፣ እንጨት ጨብጦ ኳስ ስትመጣ ምን ይጠበቃል? ለጋት። አጥሬን ዘላ ፀሐይ ላይ ያሰጣሁት ብቅል መሃል ወደቀች። ቀይ ናት፤ ጥንካሬዋ ድንጋይ ነው። ፈንታ ሊወስዳት መጣና ከአጥሩ ማዶ «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» አለኝ። «ገና አልፏል፤ እኔም ጌታ አይደለሁም፤ ብቅሌን ልቀም» አልኩት። ተንበርክኮ አፈሩን እፍ እያለ ለቀመ። ከዚያ ወዲህ የእሱ ወገን ሆንኩ። ሰው በብቅል ይገዛል? ይገዛል።

ህንዶቹም ወደዱት። ነጭ ሱሪና ነጭ ሸሚዝ ሰጥተው በየቅዳሜው ያሰልፉት ጀመር።

አንድ ቅዳሜ መሪጌታ ከእህታቸው ጋር ከለቅሶ ሲመለሱ ደከማቸውና ሜዳው ዳር ካለችው ወይራ ሥር አረፍ አሉ። ቀና ሲሉ ምን ያያሉ? ነጭ በነጭ የለበሱ ሰዎች በየቦታቸው ቆመዋል። ጩኸት የለ፣ ግፊያ የለ። አንዱ ከሩቅ ሮጦ ይመጣል፤ አንዱ እንጨት ይዞ ያጎነብሳል፤ ሌሎቹ ቀስ ብለው ያጨበጭባሉ። ደግሞ ዝምታ። ደግሞ ቦታ ይለዋወጣሉ።

«ጥሩዬ፣ እነዚህ ህንዶች አይደሉም?»

«ናቸው አያ።»

«ሐዋርያው ቶማስ ነው እኮ እነሱን ያስተማረ። አየሽ፣ ሥርዓቱ አልጠፋባቸውም።»

እትዬ ጥሩወርቅ ጨዋታ መሆኑን አሳምራ ታውቃለች። ግን ምን አስቸኮላት? ዝም አይነቅዝም።

የመሪጌታ ዓይን ሜዳው ጫፍ ላይ ብቻውን የቆመ አንድ ሰው ላይ ዐረፈ። ኳሷ ወደ እሱ ዝር አትልም። የሚያናግረው የለም። ፀሐይዋ አናቱ ላይ ናት። ሌሎቹ ውሃ ሲጠጡ እሱን ረሱት። እሱ እንደቆመ ነው።

«ያ ዳር የቆመው ማነው? ህንድ አይመስልም።»

«ፈንታ ነው አያ። ያ የመለሱት ልጅ።»

መሪጌታም ፀሐይ እስክታዘቀዝቅ ከወይራዋ ሥር አልተነሱም። ሲነሱ «ሽማግሌዎቹ ነገ ይምጡ» አሉ።

እትዬ ጥሩወርቅ ቤት አልገባችም፤ በቀጥታ ፈንታ ዘንድ ሄዳ ሁሉንም ዘረገፈችለት። እኔም በአጥሬ ስታልፍ አይቼ ተከትያት ነበር። ልጁ ደስ ይለዋል ብንል ፊቱ ጠቆረ።

«ማኅሌት መስሏቸው ነው እኮ ልጃቸውን የሚሰጡኝ።»

«ይምሰላቸው። ከተዳርክ በኋላ ትነግራቸዋለህ» አልኩት።

«እሱማ ስርቆት ነው» አለኝ።

ሙሽራ በገዛ እግሩ አማቱ ደጅ ይሄዳል? አይሄድም። እሱ ግን በማለዳ፣ ሽማግሌዎቹ ሳይቀድሙት፣ ሄዶ ከበራፋቸው ቆመ።

«የኔታ፣ ትናንት ያዩት ማኅሌት አይደለም። ያም ጨዋታ ነው።»

«አውቃለሁ» አሉ መሪጌታ።

«ያውቃሉ?» አለ ፈንታ።

«መጀመሪያ ሥርዓት መስሎኝ ነበር። ኋላ ያ ወፍራሙ ህንድ ተሸንፎ ሲወጣ ፊቱን አየሁት። ማኅሌት ቆሞ የወጣ ሰው እንደዚያ አይከፋውም።»

«ታዲያ ምነው እስኪመሽ ቆዩ?»

«ማን እንዳሸነፈ አልገባኝ አለ።»

«እኔም እስካሁን አልገባኝም የኔታ።»

መሪጌታ ፈገግ ሊሉ ብለው ተዉት። «ስማ ልጄ። ስትሮጥ ያዩህ ብዙ ናቸው፤ እኔ ስትቆም አየሁህ። የሚያይህ ሳይኖር፣ የሚጠራህ ሳይኖር፣ ሳትቀመጥ ዋልክ። ልጅ የታመመ ዕለት፣ እህል የጠፋ ዕለት ቤት የሚፈልገው እንዲህ ያለ ሰው ነው።»

«ኳሱንስ ልተወው?»

«እናትህ ምን ትብላ? ተጫወት። ጭንህን ግን ሸፍን።»

ተዳሩ። ፈንታም በረጅም ሱሪ ኳስ ሜዳ ገባ። ሕዝቡ ሳቀ። ጎል አገባ፤ ግማሹ መሳቁን ተወ። ግማሹ ዛሬም ሲያነሳው ይስቃል።

እኔም ይኼን ታሪክ ለሰፈሩ ልጃገረድ ሁሉ ምክር አድርጌው ነበር፤ «የሚቆምላችሁን አግቡ» እያልኩ። በኋላ አንድ ቀን ፈንታን ያዝኩትና ያን ሁሉ ሰዓት ቆመህ ምን ታስብ ነበር አልኩት።

«ምን አስባለሁ? ጠዋት ጣልያኑ ሲያስሮጠን አርፍዶ ደክሞኝ ነበር። ቆሜ እንቅልፍ ወስዶኝ ነው።»

«ይኼን መሪጌታ ያውቃሉ?»

«ነግሬያቸዋለሁ። ‹እኔም ስንቱን በዓል እንዲያ አንግሻለሁ፤ ዋናው አለመውደቅ ነው› አሉኝ።»

መሪጌታ ኅሩይ አርፈዋል። አያ በላይም እንደዚሁ። ህንዶቹ አገራቸው ገቡ። ጣልያኑ ጋራዡን ሸጦ አስመራ ሄደ። የመካነ ብርሃኑ የቄስ ልጅ ቀሰሰ። ፈንታ ጉልበቱ ተሰብሮ ኳስ አቆመ፤ ከየሺ ጋር ፀዳ በሚባለው መንደር ቤት ሠርተው ይኖራሉ። እትዬ ጥሩወርቅ በሁዳዴ መግቢያ አረፈች።